«ባቡር ጣቢያ አድርሰኝ!»
ለአዲስ አበባ እንግዳና ነዋሪ የሚጠቅም ምክር

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር፥ ገና ሊነጋጋ ሲል፥ ለገሀር ላይ አንድ ወጣት ቆሞ አየሁ። በአንድ እጁ ሻንጣ፥ በሌላው የመንገድ ስንቁን የያዘበት ፌስታል አንጠልጥሏል። ዐይኑን በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ ላይ ተክሎ ቀርቷል።

«ወንድሜ፥ ሰው ትጠብቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይ ጋሼ፤ ባቡሩን ነው የምጠብቀው። ወደ ድሬዳዋ እሄዳለሁ። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ነገ ያበቃል» አለኝ።

ልጁ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ከአክስቱ ቤት ያደረ ነው። ማለዳ ተነሥቶ «ባቡር ጣቢያ አድርሰኝ» ብሎ ባለ ታክሲውን ቢለምነው፥ ሰውየው ያለ ምንም ክፋት ለገሀር አምጥቶ አወረደው። እውነቱን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ተያይዘን በታክሲ ብንከንፍም ባቡሩ ሄዶ ነበር።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ለገሀር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጓሜውም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው የቀድሞው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ሥፍራው በዚሁ ስም ይጠራል። ነገር ግን ያ ባቡር ከዋና ከተማው መነሣቱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከከተማው በደቡብ ምዕራብ ዳር፥ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ በለገሀር በኩል ሌላ ባቡር ማለፉ ነው፤ ይኸውም በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። እንግዲህ «ለገሀር ባቡር አለ» ያለው ሰው ሁሉ አልዋሸም። የዋሸው ስሙ ነው።

በአዲስ አበባ ነገሩ ይሄዳል፤ ስሙ ግን ይቀራል። ሰባራ ባቡር የሚባለውን ሰፈር ሰምቶ ባቡር ፍለጋ የሚሄድ እንግዳ ቢኖር ይደክማል፤ ስሙ የተረፈው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለመንገድ ሥራ ከመጣና እዚያው ተበላሽቶ ከቀረ መዳመጫ ነው። ካዛንቺስ የሚለውም ስም በጣልያን ወረራ ጊዜ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው ድርጅት አጭር መጠሪያ የመጣ ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙን ትቶት ሄደ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሌላ መልክ ይዟል። ከዚያ የተነሡ እናቶች በከተማው ዳር ሆነው ዛሬም «የት ሰፈር ነዎት?» ሲባሉ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ይላሉ። ስሙን እንደ መታወቂያ ይዘውት ሄደዋል።

ከተማይቱ እንዲህ ያለች ስለ ሆነች፥ ለትምህርት የመጣ ተማሪም ሆነ አዲስ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከተሉትን ነገሮች ቢያስተውል ከብዙ ድካም ይድናል።

አንደኛ፥ መንገድ ሲጠይቅ አጠያየቁን ይወቅ። «ወደ አምስት ኪሎ በዚህ ነው?» ብሎ እጁን የዘረጋ እንደ ሆነ ብዙ ሰው እንግዳውን ላለማሳፈር «አዎ» ይለዋል። «ወደ አምስት ኪሎ በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መልስ ሰጪው አስቦ ይናገራል፤ ካላወቀም አለማወቁ ይታወቃል።

ሁለተኛ፥ የሚጠይቀውን ሰው ይምረጥ። የሚቸኩል መንገደኛ እንደ እርሱ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሊስትሮው፥ ባለ ሱቁና የሕንፃው ጥበቃ ግን ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቦታ ስለማይርቁ አካባቢውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ደግሞም ከአንድ ሰው ሰምቶ ከመገስገስ ጥቂት ሄዶ ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ይበጃል።

ሦስተኛ፥ የሥፍራውን ሙሉ ስም ይያዝ። «ቦሌ» ማለት ብቻውን አድራሻ አይሆንም። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ነው፤ የክፍለ ከተማም ስም ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም፥ ቦሌ ሚካኤል፥ ቦሌ ቡልቡላ፥ ቦሌ አራብሳ እየተባሉ የሚጠሩትም ሰፈሮች የተራራቁ ናቸው። ቦሌ መድኃኔዓለም የተቀጠረ ሰው አራብሳ ቢወርድ የቀጠሮው ሰዓት በመንገድ ላይ ያልፍበታል። «ሚካኤል ጋ ጠብቀኝ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ የካ ሚካኤልና ቦሌ ሚካኤል አንድ አይደሉምና።

አራተኛ፥ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት ይደውል። ከተማው ዛሬ በ11 ክፍለ ከተሞችና በየሥራቸው ባሉ ወረዳዎች የተከፈለ ነው። የሚፈልገው ጉዳይ በክፍለ ከተማው ነው የሚያልቀው ወይስ በወረዳው? ቢሮው ያለው በየትኛው ሕንፃ፥ በስንተኛው ፎቅ ነው? አምና የነበረበት ቦታ ዘንድሮም አለ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በስልክ ማጥራት የግማሽ ቀን እንግልት ያስቀራል። ለመኖር የመጣ ደግሞ ከነበረበት ቀበሌ መሸኛውን ሳይዝ አይምጣ፤ ለነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቅበታልና።

አምስተኛ፥ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሲሄድ ጆሮው ንቁ ይሁን። ረዳቱ የሚጠራው መጨረሻውን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ ከመግባቱ በፊት የሚወርድበትን ቦታ ተናግሮ «በዚያ ያልፋል?» ብሎ ይጠይቅ። ታሪፉን የማያውቅ ከሆነ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በቀስታ ይጠይቅ፤ ዝርዝር ብርም በኪሱ ይኑር። ሊወርድ ሲል «ወራጅ አለ!» ማለትን አይፈር። እንደ መገናኛና እንደ መርካቶ ባለው ግፊያ ውስጥ ሲሆን ስልኩንና ሰነዱን በፊት ለፊት ኪሱ ወይም በቦርሳው ውስጥ አድርጎ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያዙር።

ስድስተኛ፥ እንደ ስሙ ሁሉ ሰዓቱም እንዳያታልለው ይጠንቀቅ። አንድ የማውቀው ጀማሪ ሠራተኛ ለቃል ፈተና በጽሑፍ ተጠራ፤ በወረቀቱ ላይ «8፡00» የሚል ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፥ ጫማውን አስጠርጎ፥ ከቀኑ በ8 ሰዓት ቢደርስ ፈተናው በፈረንጅ ሰዓት አቈጣጠር ኖሮ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ተጀምሮ አልቋል። ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈውም በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ «ከጠዋቱ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ለእንግዳው ነው፤ ነዋሪውም ግን ድርሻ አለው። ለእንግዳ መንገድ ስናመለክት «ከድሮው ቡና ቤት ከፍ ብሎ» እንላለን፤ ቡና ቤቱ ከፈረሰ ሰንብቷል፤ እንግዳውም አይቶት አያውቅም። ዛሬ በዐይን የሚታየውን ምልክት እንንገረው። የማናውቀውን ቦታ «አላውቀውም» ማለት ነውር አይደለም፤ የተሳሳተ መንገድ ማሳየት ግን የሰውን ገንዘብና ቀን ማባከን ነው።

የደብረ ማርቆሱ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በማግስቱ በሌሊት በመኪና ተሳፈረ፤ የባቡር ቲኬቱ ገንዘብ ከሰረ። ድሬዳዋ የደረሰው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ስለ ነበር የመዘግየት ቅጣት ከፍሎ ተመዘገበ። ከዚያው ሆኖ ስልክ ደወለልኝና፥ «ጋሼ፥ ተመዘገብኩ! አሁን የማድርበትን ቦታ እየፈለግሁ ነው» አለኝ።

«አገኘኸው?» ብለው፥

«ገና ነኝ፤ ሁለት ሰው ጠይቄ አንድ ዐይነት ነገር ነግረውኛል። ሦስተኛውን ጠይቄ እገባለሁ» ሲል መለሰልኝ።