ተዋጊና አስማተኛ፦ በደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የምድብ ክለሳ ላይ አጭር ዳሰሳ

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች «ምድብ» የሚባለው አንድ ገጸ ባሕርይ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን ተግባራት የሚወስን የደንብ ክፍል ነው። በመሆኑም ምድብን መከለስ በታሪኩ አቅጣጫ ላይ የመወሰን ዕድል ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ እንደገና መደልደል ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ተዋጊና አስማተኛ ምድቦች አማካይነት ይመረምራል።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የመጀመሪያው ደንብ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን የተባሉ ሦስት ምድቦች ነበሩት። አስማተኛው በአንድ ድግምት ብቻ በደካማነት ይጀምር ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ለመድረስም ተዋጊው 2,000 የልምድ ነጥብ ሲበቃው አስማተኛው 2,500 ያስፈልገው ነበር።

በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ለሁሉም ምድቦች አንድ የነጥብ ሠንጠረዥ ደነገገ። አሠራሩ ቀለለ፤ ሆኖም አንድ የሚዛን መጠበቂያ ተወገደ። አስማተኛው ሲያድግ የድግምቱ ብዛትም ጥንካሬም አብሮ ስለሚጨምር፣ በከፍተኛ ደረጃዎች ተዋጊው አጃቢ ሆኖ ቀረ። የ2008ቱ አራተኛ እትም ለሁለቱም ተመሳሳይ መዋቅር ሰጠ፦ ዘወትር፣ በግጥሚያ አንድ ጊዜና በቀን አንድ ጊዜ የሚሠሩ ችሎታዎችን። ክፍተቱ ጠበበ፤ ነገር ግን ምድቦቹ መልካቸውን አጡ የሚል ትችት አስከተለ።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ሚዛኑን በዕረፍት ላይ መሠረተ። ተዋጊው ዋና ችሎታዎቹን በአጭር ዕረፍት ሲያድስ፣ አስማተኛው አብዛኛውን ድግምቱን የሚመልሰው በረጅም ዕረፍት ነው። የጨዋታ መሪው መጽሐፍ አንድ ቡድን በአንድ የጀብዱ ቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያዎችን እንደሚቋቋም ይገምታል። በቀን አንድ ግጥሚያ ብቻ በሚያካሂድ ቡድን ግን አስማተኛው መቆጠብ ስለማያስፈልገው ሚዛኑ ይፈርሳል። ያው ደንብ በአንዱ ጠረጴዛ ፍትሐዊ፣ በሌላው አድሏዊ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የጉዳት መጠንን ማመጣጠን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አስማተኛው ይበርራል፣ የተቆለፈ ይከፍታል፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይሰወራል፤ ተዋጊው ከውጊያ ውጭ የሚያደርገው ጥቂት ነው። የ2024ቱ ክለሳ ተዋጊው ራሱን የሚያክምበትን ችሎታ ያልተሳካ የክህሎት ሙከራን ለማገዝም እንዲያውለው መፍቀዱ ለዚህ ጉድለት የተሰጠ ምላሽ ነው። እንግዲህ ከላሹ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ተዋጊው ምን ያህል ይመታል ብቻ ሳይሆን፣ ሰይፍ በማይመዘዝበት ሰዓት ተጫዋቹ ምን የመወሰን ዕድል አለው የሚለውን ጭምር ነው።