«ራስ» ወይስ «አስተዳዳሪ»? የእንግሊዝ ነገሥታት ማዕርግ እና የቤተ ክርስቲያን ራስነት

የእንግሊዝ ነገሥታት ማዕርግ ረጅም ነው። በውስጡ የነበሩት ሐረጎች አብዛኞቹ የግዛት ጉዳይ ናቸው፤ ሲያስፈልጉ ተጨመሩ፣ ጊዜያቸው ሲያልፍ ቀሩ። ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1340 የጀመረው «የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚል ማዕርግ በ1801 ተትቷል፤ በ1876 ለቪክቶሪያ የተፈቀደው «የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት» የሚለውም ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1948 ቀርቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቤተ ክርስቲያን የተነገሩት ማዕርጎች ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በእነርሱ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል፤ የነገረ ቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ ጥያቄም ተነሥቷል፦ ከክርስቶስ በቀር የቤተ ክርስቲያን ራስ ሊባል የሚችል አለን?

ሉተርን በመቃወም የተገኘ ማዕርግ

ሄንሪ ስምንተኛ በ1521 ስለ ሰባቱ ምሥጢራት የሚከራከር መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ሉተር ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ምሥጢራት ላወጣው ጽሑፍ መልስ እንዲሆን ነበር። ፖፕ ሊዮ አሥረኛ በዚያው ዓመት ለሄንሪ በላቲን «ፊዴይ ዴፌንሶር» የሚል ማዕርግ ሰጡት፤ በእኛ አነጋገር «ዐቃቤ እምነት» ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ የፕሮቴስታንት ንጉሥ የሚጠራበት ይህ ስም በመጀመሪያ የተሰጠው ተሐድሶን ለተቃወመ ሰው ነው።

ሦስት ዓመት ብቻ የቆየ ገደብ

ሄንሪ ከካትሪን ጋር ያለው ጋብቻ እንዲፈርስ ሮምን ጠይቆ ሳይሳካለት ሲቀር ፊቱን ወደ አገሩ ካህናት አዞረ። በ1531 የካህናቱ ጉባኤ ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን «የበላይ ራስ» ብሎ እንዲቀበል ተገደደ። ጉባኤው ግን አንድ ገደብ ጨመረ፦ የክርስቶስ ሕግ እስከሚፈቅደው ድረስ። በዚህች ሐረግ ኅሊናቸውን ያሳረፉ ብዙዎች ነበሩ። በ1534 ፓርላማው የበላይነትን ሕግ ሲያጸድቅ ገደቡ ከማዕርጉ ጠፋ፤ «በምድር ላይ የበላይ ራስ» የሚለው ብቻ ቀረ። ኤጲስ ቆጶስ ጆን ፊሸርና የቀድሞው ዋና ባለ ሥልጣን ቶማስ ሞር ይህን አንቀበልም በማለታቸው በ1535 አንገታቸው ተቀላ።

ጉዳቱ በካቶሊኮች ላይ ብቻ አልቀረም። ሐምሌ 30 ቀን 1540 በለንደን ስሚዝፊልድ ስድስት ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ሦስቱ የንጉሡን የበላይነት በመካዳቸው በስቅላት ተቀጡ፤ ሦስቱ ደግሞ መናፍቃን ተብለው ተቃጠሉ። ከተቃጠሉት አንዱ የሉተር ወዳጅ ሮበርት ባርንስ ነበር። «ራስ» የተባለው ንጉሥ እውነተኛው ትምህርት የትኛው እንደሆነ የሚወስንም ሆኖ ነበር።

የአንዲት ቃል ለውጥ

ንግሥት ሜሪ አገሪቱን ወደ ሮም ስትመልስ «የበላይ ራስ» የሚለውን ጣለች፤ «ዐቃቤ እምነት» የሚለውን ግን ጠበቀች። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1558 ስትነግሥ በማዕርጓ መጨረሻ ላይ «ወዘተ» የሚል ተጻፈ። ጥያቄውን ለጊዜው ክፍት የሚተው ብልሃት ነበር። መልሱ በ1559 መጣ፦ አዲሱ ሕግ ንግሥቲቱን «ራስ» ሳይሆን «የበላይ አስተዳዳሪ» አላት።

ለውጡ የቃላት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ካቶሊኮች ብቻ ሳይሆኑ ጽኑ ፕሮቴስታንቶችም «ራስ» የሚለውን ይቃወሙ ነበር። ካልቪን በትንቢተ አሞጽ ማብራሪያው ላይ ለሄንሪ ይህን ክብር የሰጡትን ሰዎች በብርቱ ወቅሷል። ከሠላሳ ዘጠኙ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አንቀጾችም 37ኛው፣ የቃልና የምሥጢራት አገልግሎት ለነገሥታት እንዳልተሰጠ በግልጽ ይለያል። ሆኖም ሥልጣኑ በተግባር ብዙ አልቀነሰም፤ ንግሥቲቱ የቤተ ክርስቲያንን ጉዳይ መቆጣጠሯን ቀጠለች። የተስተካከለ ቃል ብቻውን የተስተካከለ አሠራር አያመጣም።

ስኮትላንድ ሌላ መንገድ መረጠች። በ1596 አንድሩ ሜልቪል ለንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ በአገሪቱ ሁለት ነገሥታትና ሁለት መንግሥታት እንዳሉ ፊት ለፊት ነገረው፤ በክርስቶስ መንግሥት ውስጥ ጄምስ አባል እንጂ ራስ አይደለም። በ1646 የተዘጋጀው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫም በምዕራፍ 25 የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ ብቻ መሆኑን ይመሰክራል። እስከ ዛሬም ንጉሡ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ የአስተዳዳሪነት ማዕርግ የለውም። ንጉሥ ቻርልስ በመስከረም 2022 የማሉት የዚያችን ቤተ ክርስቲያን መብት ለመጠበቅ ነው።

ዛሬ ምን ቀረ?

«ዐቃቤ እምነት» የሚለው በአሕጽሮት በብሪታንያ ሳንቲሞች ላይ ይገኛል። በ1849 የወጣ አንድ ሳንቲም ይህንና «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚለውን በመተዉ ሕዝቡ «አምላክ የለሹ» ብሎ ስም አወጣለት። ከብሪታንያ ውጭ ግን ስሙ እየቀነሰ ነው፤ ፓኪስታን በ1953፣ ካናዳም በ2024 ከንጉሣዊው ማዕርግ አውጥተውታል። ቻርልስ ራሳቸው ልዑል ሳሉ በ1994 የአንድ እምነት ብቻ ሳይሆን የእምነት ሁሉ ጠባቂ መሆን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። ሲነግሡ ግን ማዕርጉን እንዳለ ያዙ።

ለአገልጋዮች

በአማርኛችን «ራስ» የአካል ክፍልም የመኳንንት ማዕርግም ነው። ስለዚህ ኤፌሶን 1፥22 እና ቆላስይስ 1፥18ን ስናነብ ክርስቶስን ከብዙ ሹማምንት እንደ አንዱ አድርገን እንዳናስብ መጠንቀቅ አለብን። ጳውሎስ የሚናገረው አካሉ በሙሉ ሕይወትና ዕድገት ስለሚያገኝበት ራስ ነው (ኤፌ. 4፥15-16)። ይህ ቦታ ለንጉሥም፣ ለፖፕም፣ ለመጋቢም አይሰጥም።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት መተዳደሪያ ደንብ መግቢያ ላይ ክርስቶስ ራስ ነው ተብሎ ይጻፋል። ከ1531 የምንማረው ግን እንዲህ ያለው ሐረግ በወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ሊያስጥል እንደማይችል ነው። የአንዱ መሪ ቃል በቅዱሳት መጻሕፍት የማይመረመር ከሆነ፣ ሽማግሌዎችም ሊገሥጹት የማይችሉ ከሆነ፣ ማዕርጉ «አገልጋይ» ቢሆንም ሥራው የራስ ሥራ ሆኗል። ማዕርግ ስንሰጥም ሆነ ስንቀበል ልንጠይቅ የሚገባን ስሙ ምን ያህል ያከብራል የሚለውን ሳይሆን፣ ስለ ክርስቶስ ምን ይመሰክራል የሚለውን ነው።