ከግቢ የሚወጣ ጎርፍ

የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። በሮቤና በጎባ አካባቢ ገበሬው በልጉን «ገና»፣ መኸሩን «ቦና» እያለ ሁለት ጊዜ ያርሳል፤ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። ሆኖም ሁለት የዝናብ ወቅት ማለት ሁለት የጎርፍ ወቅት ማለትም ነው። የሲናና ጥቁር አፈር አንዴ ከራሰ ውሃ ቶሎ ስለማያሰርግ፣ ከዚያ ወዲያ የሚዘንበው አብዛኛው በላዩ ይፈሳል።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር፣ ይኸውም 4 በርሜል ውሃ ወደ ግቢ ይወርዳል። ውሃው እጅግ የሚበከለው በበረትና በፍግ ክምር ላይ ሲያልፍ ነው። በምንዞርባቸው መንደሮች ብዙ ጊዜ በረቱን ከላይ፣ የውሃ ጉድጓዱን ከታች እናገኛለን። ከጉድጓድና ከምንጭ የተረፈውም ወደ ቶጎና ወይም ወደ ሻያ ይገባል። ሁለቱም የወይብ ገባሮች ናቸው፤ ወይብም በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከላይ ያለው የጣለውን ከታች ያለው ይቀዳዋል።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። ከፍግና ከዐይነ ምድር ጋር የሚሄዱ ተሕዋስያን ሕፃናትን በተቅማጥ ይጥላሉ። በተጨማሪም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ታጥበው ይሄዳሉ፤ ገበሬው ማዳበሪያ በገንዘብ እየገዛ የራሱን ማዳበሪያ ለወንዝ በነፃ ይሰጣል ማለት ነው።

ስለሆነም ዝናብ ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

1ኛ/ ከግቢው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። የቦዩ መውጫ የጎረቤትን ማሳ እንዳይሸረሽር ሣር ወደበቀለበት ቦታ ይመራ።

2ኛ/ የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ይግባ፤ ለከብትና ለአትክልት ይጠቅማል።

3ኛ/ ፍግ ከጉድጓድ በታች፣ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ይከመር፤ በገለባ ይሸፈን፤ ዙሪያውን ትንሽ እርከን ይሠራለት።

4ኛ/ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በታች በኩል ይሁን። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ይገንባ፤ ይከደንም።

5ኛ/ የፀረ-አረም መርጫ በወንዝ ዳር ፈጽሞ አይታጠብ። የመድኃኒቱ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ በማሳው ላይ ይረጭ። ባዶው ዕቃ ተበስቶ ከጥቅም ውጪ ይደረግ እንጂ ለውሃም ሆነ ለዘይት አይዋል።

6ኛ/ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በመሬት ላይ አይደፋ።

ጉድጓድን ማዛወር ከባድ ነው፤ የፍግ ክምርን ማዛወር ግን ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ ደጅ ወጥተው ውሃው ከየት ገብቶ በምን ላይ አልፎ በየት እንደሚወጣ ይመልከቱ። ቦዩ የሚቆፈርበትን ቦታ ውሃው ራሱ ያሳይዎታል። መውጫው ካስቸገረዎ የአካባቢዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያማክሩ።