የመንገደኛው ምሳና የምግብ ቤት ምርመራ በሸዋ ሮቢት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማ በርን ዋሻ ከተሻገረ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በይፋት ቆላ ትገኛለች። በደጋው ጋቢ ደርቦ የተነሣው ሰው እዚህ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ምሳ ይጠይቃል። እንግዳ መቀበል ለይፋት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራና ከሐረር ይመጡ የነበሩት ቅፍለቶች የሚራገፉት በዚሁ አገር፣ በአልዩ አምባ ገበያ ነበር።

ይሁን እንጂ ለመንገደኛ ምግብ መሸጥ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጨርቅ የሸጠ ነጋዴ የጨርቁ ቀለም ቢለቅ ገዢው በሳምንቱ ተመልሶ ይወቅሰዋል፤ ነጋዴውም ጥፋቱን ዐውቆ ያርማል። ምግብ የሸጠው ባለሆቴል ግን ወቀሳውን አይሰማም። በተበከለ ምግብ የሚመጣ ሕመም ወዲያው የሚታይ አይደለምና ነው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ጀርም የሚተወው መርዝ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል፤ ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ የታይፎይድ ትኩሳት ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ተደብቆ ይከርማል። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ምሳውን የበላ መንገደኛ ሕመሙ የሚጀምረው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ከገባ በኋላ ነው። ለመክሰስ አይመለስም፤ ለወዳጆቹ ግን ይናገራል፤ በሌላ ጊዜም ሹፌሩን «እዚያ አታቁምብን» ይለዋል። ባለሆቴሉ ገበያው መቀዝቀዙን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም፤ ጥፋቱንም በዘመኑ ላይ ይጥላል።

የጤና ተቆጣጣሪ ጥቅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ያልተመለሰው ደንበኛ ሊናገረው የሚገባውን ነገር አስቀድሞ፣ ገና ማንም ሳይታመም የሚናገር ሰው ነው። ይህም ሥራ በአገራችን የቆየ መሠረት አለው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ልኳል። ከዚያ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥተዋል።

በቆላ አገር ጥንቃቄው እጥፍ መሆን የሚገባው ስለ ሙቀቱ ነው። በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ጀርሞች ይራባሉ፤ ከሰውነታችን ሙቀት አጠገብ ሲሆን ደግሞ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ማለዳ በ12 ሰዓት ተሠርቶ ከእሳት የወረደ ወጥ ላይ አንዲት ጀርም ብታርፍና ምግቡ በሚመቻት ሙቀት ቢቆይ፣ ምሳ በሚቀርብበት በ7 ሰዓት ቍጥሯ ከ2 ሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። የወጡ መልክና ሽታ ግን ላይለወጥ ይችላል። «አሙቄ አቀርበዋለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ የስታፊሎኮከስ መርዝ በማሞቅ አይጠፋምና። ስለዚህ የተሠራው ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደ ጋለ ይቆይ፤ አለዚያም ከ2 ሰዓት ሳያልፍ በጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ከ5 ዲግሪ በታች ወዳለ ማቀዝቀዣ ይግባ። የቀዘቀዘው ሲሞቅም መካከሉ ጭምር ከ70 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይገባዋል። ይህን በእጅ ዳሰሳ ማወቅ ስለማይቻል በየማድ ቤቱ አንድ ቴርሞሜትር መኖር አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የሠራተኞች ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኒው ዮርክ አጠገብ በኦይስተር ቤይ በአንድ ቤት ውስጥ ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ታመሙ። ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽሕና መሐንዲስ ነገሩን ተከታትሎ ምንጩ ሜሪ ማሎን የምትባል ወጥ ሠሪ መሆኗን ደረሰበት። ሴትዮዋ ጤነኛ ነበረች፤ ጀርሙን ግን በሰውነቷ ትሸከም ነበር። ከእንግዲህ ምግብ እንዳትሠራ ቃል አስገብተው እ.ኤ.አ. በ1910 ለቀቋት፤ እርሷ ግን ስሟን ለውጣ በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ወጥ ሠሪ ሆና ገባች፤ በ1915ም 25 ሰዎች ታመው 2ቱ ሞቱ። ተቆጣጣሪ ስለ ወጥ ሠሪዎችና ስለ አሳላፊዎች የጤና ምርመራ ወረቀት አጥብቆ የሚጠይቀው ጤነኛ መምሰል ጤነኛ መሆን ስላልሆነ ነው። ከወረቀቱም ይልቅ በየዕለቱ የሚያድነው ከመጸዳጃ ቤት መልስና ጥሬ ሥጋ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

የጽዳቱ አሠራር ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ ትርፍራፊው ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ዕቃው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፤ በመጨረሻ በበረኪና ውኃ ይነከራል። ቅባትና ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ስለሚያደክሙ ሳይታጠብ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብ ማባከን ነው። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለ20 ሊትር ውኃ 80 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሲኒ ያህል ማለት ነው፣ ይበቃል፤ ዕቃው 2 ደቂቃ ያህል ይቆይበትና በነፋስ ይድረቅ። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛና ሰሐን ሲወለወልበት የዋለ እርጥብ ጨርቅ ግን የታጠበውን መልሶ ያቆሽሻል። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ጥሬውን ከበሰለው መለየት ደግሞ ለማድ ቤቶቻችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። የጾሙን ድስት ከፍስኩ፣ የጾሙን ጭልፋ ከፍስኩ ጭልፋ ለይታ የምትይዝ ወጥ ሠሪ፣ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው በሚኖሩበት በይፋትም የሁለቱን ሥጋ ሳታደባልቅ የምታስተናግድ ባለሙያ፣ የጥሬ ሥጋውን መክተፊያና ቢላዋ ከሰላጣውና ከእንጀራው መለየት አያቅታትም። ልማዱ አለ፤ የቀረው ለጤናም ሲባል በዚያው ጥብቅነት መያዙ ነው።

የምርመራ ነገር ለላኪዎችም የታወቀ ነው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም የተመረተው ማሾ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ናሙናው ይታያል፣ ደረጃውም ይወጣለታል፤ ላኪውም ይህን እንደ ንቀት አይቈጥረውም፤ ዕቃው በሩቅ አገር ያለ ገዢ ዘንድ የሚታመነው በዚህ ነውና። የባለሆቴሉም ገዢ ከበላ በኋላ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ምርመራው ለእርሱም የዕቃው ደረጃ ማረጋገጫ እንጂ ጠላት አይደለም። በሌላ ወገን ተቆጣጣሪውም ያየውን ጉድለት በጽሑፍ ገልጦ፣ የማረሚያ ቀን ሰጥቶ፣ ተመልሶ ማየት ይገባዋል፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ቅጣት ማድ ቤት አያጸዳም።

ባለሱቆችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የቀኑ ያለፈ የታሸገ ምግብ፣ ከነጭ ጋዝ ወይም ከተባይ መድኃኒት ጋር በአንድ መደርደሪያ የተቀመጠ ዱቄትና ዘይት ወደ ማድ ቤቱ የሚገባው ከእነርሱ ነው። አስመጪዎችም ከትልልቁ ማቀዝቀዣ ጋር ትንሹን ቴርሞሜትር፣ ክዳን ያለውን የቆሻሻ ማጠራቀሚያና ባለቧንቧውን የውኃ ማጠራቀሚያ ቢያቀርቡ ለዕቃው ገዢ አይታጣም።

ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ደርሶባት ንግዷ ተጎድቷል። ከጉዳት በኋላ ማድ ቤቱን እንደ ገና የሚያደራጅ ሰው ጥሬው የሚሰናዳበትን ስፍራ ከበሰለው፣ መጸዳጃ ቤቱን ከማድ ቤቱ አርቆ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም፤ ግድግዳ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ወጪው ብዙ ነው። የሳሙናና የበረኪና ዋጋ ግን ቢደመር ከጥቂት ሰሐን ጥብስ ዋጋ አያልፍም። ተቆጣጣሪ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ መንገደኛ ግን በየቀኑ ይመጣል። ማድ ቤቱ ለተቆጣጣሪው ቀን ሳይሆን ለመንገደኛው ቀን ንጹሕ ሆኖ ከቆየ፣ የሄደው እንግዳ በመልስ ጉዞው ሹፌሩን «እዚያው አቁምልን» ይላል።