የእንቅልፍ ኪኒን ጥቅሙና ጉዳቱ

ቀን ሲያርስ፣ ሲያጭድ ወይም ውሃ ሲቀዳ የዋለ ሰው ሌሊት ማረፍ አለበት። እንቅልፍ የአካልና የአእምሮ ዕረፍት ነው። አንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት በሁላችንም ላይ ይደርሳል። ችግሩ ሲሰነብት ግን ጉልበት ይደክማል፤ ሐሳብ ይበታተናል። በዚህ ጊዜ ከጎረቤት ወይም ከገበያ ኪኒን ፈልጎ የሚውጥ አይጠፋም። ይህ እንዴት እንደሚጎዳን እስቲ እንመልከት።

ኪኒኑ ምን ይሠራል?

የእንቅልፍ ኪኒን የሚሠራው በአንጎል ላይ ነው። እጅ እግራችን የሚንቀሳቀሰው፣ ትንፋሻችንም የሚገባውና የሚወጣው በአንጎል ትእዛዝ ነው። ኪኒኑ የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል። ሐሳብ ይረግባል፤ ጡንቻ ይላላል፤ እንቅልፍ ይመጣል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ትንፋሽም ይዘገያል፤ ሊቆምም ይችላል።

ከእነዚህ ኪኒኖች አንዱ ዳያዜፓም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ቫሊየም በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ቀደም ሲል ይሰጡ የነበሩት ባርቢቹሬት የሚባሉ መድኃኒቶች መጠናቸው ሲያልፍ በቀላሉ ይገድሉ ነበር። ዳያዜፓም ከነርሱ ይሻላል። ይሻላል ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ማታ የተዋጠው በማግሥቱም ይሠራል፤ በየቀኑ ሲዋጥ ደግሞ ይጠራቀማል። ጧት ከመኝታው የተነሣ ሰው ዓይኑ ቢገለጥም እጁ ገና አልነቃም። በዚህ ሁኔታ ማጭድና መጥረቢያ መያዝ፣ ገደል አፋፍ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ወይም መኪና መንዳት አደጋ ያመጣል።

ይበልጥ የሚጎዳው ማንን ነው?

1. መጠጥ የሚጠጣን ሰው። አረቄ፣ ጠጅና ጠላም አንጎልን ያቀዘቅዛሉ። ከኪኒኑ ጋር ሲገናኙ ጉልበታቸው ይደመራል። ሰውየው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ትራማዶልን የመሰሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎችም እንዲሁ ናቸው።

2. አዛውንቶችን። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ይንገዳገዳሉ። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ እንደ ድሮው መራመድ ይቸግራቸዋል።

3. እርጉዝንና የምታጠባ እናትን። መድኃኒቱ ወደ ፅንሱም፣ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑም ያልፋል። ሕፃኑ ይዝላል፤ ጡት መሳብ ያቅተዋል።

4. ትንንሽ ልጆችን። ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። ለአዋቂ ልክ የሆነው ለልጅ መርዝ ነው።

ሰውነት ይለምደዋል

ሐኪም ይህን ኪኒን ለእንቅልፍ ሲያዝዝ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቢሆን ነው። ምክንያቱም ሰውነት ይለምደዋል። በአንድ ኪኒን ይተኛ የነበረው ሁለት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ደግሞ እንቅልፉ ጭራሽ ይጠፋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሊያንዘፈዝፈውና ሊጥለውም ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ምክር መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ መተው አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ፌኖባርቢታል የባርቢቹሬት ወገን ሲሆን፣ ዛሬም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው በየቀኑ ይሰጣል። በሽተኛው ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። «ያስተኛሃል» ብሎ ለጎረቤት ቢያካፍል ሁለት ሰው ይጎዳል። ሰጪው ኪኒኑ ሲያልቅበት በሽታው ይነሣበታል፤ ተቀባዩም ይመረዛል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ የሌላ ችግር ምልክት ነው። ሳል፣ ቁርጥማት፣ ትኋንና ቁንጫ፣ ማታ የተጠጣ ቡና፣ ጫት፣ ኀዘንና ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣሉ። ኪኒን ትኋን አያጠፋም፤ ሳልም አያድንም። መኝታችንን ፀሐይ እናስጣ። ቡናውን በጊዜ እንጠጣ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንተኛ፤ በአንድ ሰዓት እንነሣ። አረቄ ያስተኛል የሚባለውን አንመን፤ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊት መልሶ ይቀሰቅሳል። ችግሩ ከሰነበተ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የልብን ጭንቀት ለሐኪም መንገር ነውር አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለም?

ሐኪሙ ኪኒን ካዘዘልን የታዘዘውን ብቻ እንውሰድ። ሌላ የምንወስደው መድኃኒት ካለ፣ መጠጥም የምንጠጣ ከሆነ፣ ሳንደብቅ እንንገረው። ኪኒኑን ልጆች በማይደርሱበት ቁልፍ ባለው ሣጥን እናስቀምጥ። የተረፈውን ለሌላ ሰው አንስጥ።

ኪኒን የዋጠ ሰው ሲጠሩት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ በጎኑ እናስተኛው። ውሃም ሆነ ወተት በአፉ አናፍስስ፤ እንዲያስመልሰውም አናስገድደው። ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። «ተኝቶ ይወጣለት» ብለን ሳንጠብቅ፣ የኪኒኑን ዕቃ ይዘን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ጥያቄዎች

1. ማታ ኪኒን የዋጠ ሰው በማግሥቱ ምን ዓይነት ሥራ መሥራት የለበትም? ለምን?
2. ኪኒንና አረቄ አብረው ሲወሰዱ ምን ይሆናል?
3. በቤታችሁ እንቅልፍ የሚነሣችሁ ነገር ምንድን ነው? ያለ ኪኒን ሊወገድ የሚችለው የትኛው ነው? ተወያዩበት።