ማነቆና ኃይል፦ የሴሚኮንዳክተር ኢንዱስትሪ ታሪክና ጂኦፖለቲካ

መግቢያ

ኦክቶበር 7 ቀን 2022 የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር የላቁ ቺፖችና ለሥራቸው የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ወደ ቻይና እንዳይላኩ የሚያግድ ሰፊ ደንብ አወጣ። ደንቡ ከተለመደው የንግድ እገዳ የሚለየው በአሜሪካ ምድር በተሠሩ ዕቃዎች ብቻ ባለመወሰኑ ነው። በአሜሪካ ሶፍትዌር የተነደፉ ወይም በአሜሪካ መሣሪያ የተመረቱ የላቁ ቺፖች ከሌላ አገር ፋብሪካ ቢወጡም በእገዳው ይሸፈናሉ። የአሜሪካ ዜጎችም በቻይና የላቁ ቺፖችን ለማምረት የሚደረገውን ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳያግዙ ተከልክለዋል። በዚያን ጊዜ እጅግ የላቁት ቺፖች በብዛት የሚመረቱት ከአሜሪካ ውጭ ነበር። ታዲያ አንድ መንግሥት በግዛቱ የማይመረተውን ዕቃ እንዴት ሊያግድ ቻለ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሁኔታ እንዴት እንደተፈጠረ በታሪክ ቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። መከራከሪያው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ቺፕን ርካሽና ኃያል ያደረገው ዓለም አቀፍ የሥራ ክፍፍል ጥቂት ማነቆዎችንም ፈጥሯል። ማነቆውን የያዘ አገር በሌሎች ላይ ኃይል ያገኛል። የዚህ ኃይል ዕድሜ ግን የሚወሰነው ከማነቆው ጀርባ ባለው ዕውቀት ዓይነት ነው።

1. ከቤል ላቦራቶሪ እስከ ሲሊከን ቫሊ

ሴሚኮንዳክተር ወይም ከፊል አስተላላፊ የሚባሉት እንደ ሲሊከንና ጀርማንየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ እንደ ልብ አያሳልፉም፤ እንደ መስታወትም ፈጽመው አያግዱም። ጥቂት ባዕድ ንጥረ ነገር ሲጨመርባቸው የማስተላለፍ አቅማቸውን መቆጣጠር ይቻላል። በዲሴምበር 1947 ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን በኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤል ላቦራቶሪ ይህን ባሕርይ ተጠቅመው የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። የቡድኑ መሪ ዊልያም ሾክሊም ብዙ ሳይቆዩ የተሻለ ንድፍ አቀረቡ። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ1956 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ዕውቀቱ በአንድ ድርጅት ግድግዳ ውስጥ አልቀረም። የላቦራቶሪው ባለቤት ኤቲ ኤንድ ቲ የስልክ አገልግሎትን በብቸኝነት የያዘ ኩባንያ በመሆኑ በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ክትትል ሥር ነበር። በመሆኑም ትራንዚስተርን የመሥራት ፈቃድ ከ1952 ጀምሮ በ25,000 ዶላር ለሌሎች ድርጅቶች ይሸጥ ጀመር፤ በኋላ ሶኒ ተብሎ የታወቀው የጃፓን ኩባንያም ከገዢዎቹ አንዱ ሆነ። በ1957 ከሾክሊ ድርጅት የወጡ ስምንት ባለሙያዎች በካሊፎርኒያ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ። በ1958 ጃክ ኪልቢ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ በ1959 ደግሞ ሮበርት ኖይስ በፌርቻይልድ በርካታ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ላይ የማዋሐድን ዘዴ ፈለሰፉ። ቺፕ የምንለው ይህን ነው።

የመጀመሪያው ዋና ገዢ መንግሥት ነበር። የሚኑትማን ሚሳኤልና የአፖሎ የጠፈር መርሐ ግብር ዋጋውን ሳይሆን ክብደቱንና አስተማማኝነቱን አይተው ቺፕ በብዛት ገዙ፤ አምራቾቹም በዚህ ገበያ ልምድ አካብተው ዋጋ ቀነሱ። በ1965 ጎርደን ሙር በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ተነበዩ፤ በ1975 ግምታቸውን ወደ ሁለት ዓመት አሻሻሉት። ፌርቻይልድ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የሰው ጉልበት የሚጠይቀውን የመገጣጠም ሥራ ወደ ሆንግ ኮንግ ወሰደ። ሌሎች ኩባንያዎች ተከትለው ወደ ሲንጋፖር፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ታይዋንና ማሌዥያ ሄዱ። እስያ ወደ ሰንሰለቱ የገባችው በዚህ ዝቅተኛ በር ነበር።

ሶቪየት ኅብረት የተከተለችው መንገድ የተለየ ነበር። በሞስኮ አቅራቢያ ዘለኖግራድ የተባለች የማይክሮኤሌክትሮኒክስ ከተማ ገነባች፤ የአሜሪካ ቺፖችንም እየፈታች መቅዳትን ዋና ስልት አደረገች። ነገር ግን መሪው በየሁለት ዓመቱ በሚራመድበት መስክ የትናንቱን ዕቃ የቀዳ ዛሬም ወደ ኋላ እንደቀረ ይቆያል። ቺፑን መፍታት ክፍሎቹ የት እንደተቀመጡ ያሳያል፤ ሚሊዮን ጊዜ ያለ ጉድለት ለማምረት የሚያስፈልገውን የሂደት ልምድ ግን አይሰጥም።

2. የጃፓን መነሣትና የ1986 ስምምነት

የጃፓን መንግሥት ከ1976 እስከ 1980 ባካሄደው የምርምር መርሐ ግብር ፉጂትሱን፣ ሂታቺን፣ ሚትሱቢሺን፣ ኤንኢሲንና ቶሺባን አስተባበረ። ኩባንያዎቹ ትኩረታቸውን በማኅደረ ትውስታ ቺፖች ላይ አደረጉ። በጥራትና በዋጋ ስለበለጡ በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን ከዓለም ገበያ መሪነት አወረዱ። ኢንቴል ራሱ በ1985 የማኅደረ ትውስታ ሥራውን ትቶ ወደ ማይክሮፕሮሰሰር አተኮረ።

አሜሪካ በ1986 ጃፓን ከዋጋ በታች መሸጥን እንድታቆምና ገበያዋን ለውጭ ቺፖች እንድትከፍት የሚያስገድድ ስምምነት አስፈረመች። በቀጣዩ ዓመት ስምምነቱ አልተከበረም በማለት 300 ሚሊዮን ዶላር በሚገመቱ የጃፓን ዕቃዎች ላይ የመቶ በመቶ ቀረጥ ጣለች። ይሁን እንጂ የዋጋው መጨመር ትርፍ የሰጠው በዋናነት ለሦስተኛ ወገን ነበር። በ1983 ወደ ማኅደረ ትውስታ ቺፖች ሥራ የገባው የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ጃፓን በታሰረችበት ዋጋ ሥር ገበያ አገኘ፤ በ1992ም በዚህ የቺፕ ዓይነት የዓለም መሪ ሆነ። አንዱን ተወዳዳሪ ለመግታት የተወሰደ እርምጃ ሌላ ተወዳዳሪ አሳደገ።

3. ንድፍና ምርት ሲለያዩ

እስከ 1980ዎቹ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ቺፑን ነድፈው በራሳቸው ፋብሪካ ያመርቱ ነበር። ይህን የለወጠው የታይዋን ፈጠራ ነው። በ1976 የታይዋን የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም መሐንዲሶቹን ለሥልጠና ወደ አሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ላከ። በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ለ25 ዓመታት የሠሩት ሞሪስ ቻንግ በ1985 የተቋሙ መሪ ሆኑ። በ1987ም በታይዋን መንግሥት፣ በኔዘርላንዱ ፊሊፕስና በሌሎች ባለ አክሲዮኖች ገንዘብ ቲኤስኤምሲን አቋቋሙ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ኩባንያው የራሱን ቺፕ አይነድፍም፤ የሌሎችን ንድፍ በውል ያመርታል። ከደንበኞቹ ጋር ስለማይወዳደር ምስጢራቸውን ሊያምኑት ቻሉ። ፋብሪካ የመገንባት አቅም የሌላቸው ነዳፊዎችም ሕይወት አገኙ፤ በ1993 የተመሠረተው ኤንቪዲያ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ትርፉ በሁለት በኩል ነበር። ነዳፊው ከፋብሪካ ወጪ ነፃ ሲሆን አምራቹ የብዙ ደንበኞችን ትእዛዝ ሰብስቦ ልምዱን ያጠራቅማል። በዚህ ሥራ የሚጠፋ እያንዳንዱ ቺፕ ትምህርት ስለሆነ ብዙ ያመረተ የበለጠ ይማራል፤ የበለጠ የተማረም የበለጠ ትእዛዝ ያገኛል።

ውጤቱ ከፍተኛ ክምችት ሆነ። የአንድ ዘመናዊ ፋብሪካ ዋጋ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲደርስ ውድድሩን የሚችሉት ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። በ2020ዎቹ መባቻ ከላቁት የሎጂክ ቺፖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በታይዋን ይመረቱ ነበር። ቻይና የግዛቴ አካል ናት በምትላት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋት ደሴት ላይ ይህን ያህል ምርት ይከማች ብሎ ያቀደ መንግሥት አልነበረም። እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ የሚበጀውን ሲመርጥ የተገኘ ድምር ነው።

4. የብርሃኑ ማሽን

ቺፕ የሚሠራው የንድፉን ምስል በብርሃን አማካይነት በሲሊከን ዝርግ ላይ በማሳረፍ ነው። ዝርጉ ብርሃን ሲያርፍበት ባሕርዩ በሚለወጥ ፎቶሬዚስት በሚባል ኬሚካል ይሸፈናል። የሚፈለገው መስመር በቀጠነ መጠን የብርሃኑም የሞገድ ርዝመት ማጠር አለበት። ኢንዱስትሪው ለረጅም ጊዜ 193 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ሠርቷል፤ ቀጣዩ እርምጃ 13.5 ናኖሜትር የሆነው ጽንፈኛ አልትራቫዮሌት ነበር።

ይህ ብርሃን በአየርም በመስታወት ሌንስም ተውጦ ይቀራል። ስለሆነም ማሽኑ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ በመስተዋቶች መሥራት ይኖርበታል። ብርሃኑን ለማግኘት በሰከንድ 50,000 ያህል የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎች ይለቀቃሉ፤ እያንዳንዱ ጠብታ በሌዘር ተመትቶ እጅግ የጋለ ፕላዝማ ይሆናል። ማሽኑን የሚሠራው በ1984 የተመሠረተው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። ነገር ግን ብቻውን አልሠራውም። መስተዋቶቹ ከጀርመኑ ዛይስ፣ ሌዘሩ ከጀርመኑ ትሩምፍ ይመጣሉ። የብርሃን ምንጩ በ2013 ኤኤስኤምኤል በገዛው የሳን ዲዬጎው ሳይመር የተሠራ ነው፤ መሠረታዊ ምርምሩም በከፊል በአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ተካሂዷል። ከመጀመሪያው ምርምር ለገበያ እስከሚሆን ምርት ድረስ ከ20 ዓመታት በላይ ፈጅቷል።

በመግቢያው ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል። አሜሪካ ማሽኑን አትሠራም፤ በ2022 የላቁትንም ቺፖች በብዛት አታመርትም ነበር። ሆኖም የመንደፊያ ሶፍትዌሩ፣ በርካታ የፋብሪካ መሣሪያዎችና የብርሃን ምንጩ ከእጇ ይወጣሉ። በሌላ አገር የሚገኝ ፋብሪካ ያለ እነዚህ ሊሠራ ስለማይችል ሕጓ ባሕር ተሻግሮ ይሠራል።

5. ማነቆው መሣሪያ ሲሆን

ከ2019 ወዲህ ማነቆን ለፖለቲካ ዓላማ መጠቀም እየተለመደ መጥቷል። ሦስት አጋጣሚዎችን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው።

የመጀመሪያው የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ውዝግብ ነው። በጁላይ 2019 ጃፓን ሃይድሮጅን ፍሎራይድን፣ ፎቶሬዚስትንና ፍሎሪን ያለበትን ፖሊኢሚድ ወደ ኮሪያ ለመላክ ጥብቅ የፈቃድ ሥርዓት አወጣች። ኮሪያ አገር በቀል አምራቾችን ደገፈች፤ ሌሎች አቅራቢዎችንም ፈለገች። ከጃፓን የምታስገባው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። በልምድ የሚቀመመውን ፎቶሬዚስት ግን ከጃፓን መግዛቷን አላቆመችም። ገደቡ በ2023 ተነሣ።

ሁለተኛው የቻይና ማዕድን ነው። በኦገስት 2023 ቻይና ጋልየምና ጀርማንየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አደረገች። ከዓለም የጋልየም ምርት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚገኘው ከእሷ ነው። ጋልየም ባለበት ሁሉ ለብቻው የሚቆፈር ማዕድን አይደለም፤ በዋናነት ቦክሳይት ወደ አልሙና ሲጣራ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ የአልሙና ማጣሪያ ያላቸው ሌሎች አገሮች ወጪውን ከታገሡ ሊያወጡት ይችላሉ። የቻይና ብልጫ በዋናነት የዋጋና የመጠን ነው።

ሦስተኛው በቻይና ላይ የተጣለው ቁጥጥር ነው። ኔዘርላንድ ከ2019 ጀምሮ ጽንፈኛ አልትራቫዮሌት ማሽን ወደ ቻይና እንዳይላክ ፈቃድ ከልክላለች። አሜሪካ በ2020 ባወጣችው ደንብ ምክንያት ቲኤስኤምሲ ለሁዋዌ ማምረቱን አቆመ። በ2023 ጃፓንና ኔዘርላንድ ቁጥጥራቸውን አሰፉ። ይሁንና በኦገስት 2023 ሁዋዌ በቻይናው ኤስኤምአይሲ በተሠራ የ7 ናኖሜትር ቺፕ የሚሠራ ስልክ አወጣ። ፋብሪካው የተጠቀመው በቀድሞው 193 ናኖሜትር ብርሃን ሲሆን አንዱን ንብርብር ደጋግሞ በማተም ነው። መንገዱ ይሠራል፤ ግን ወጪው ይጨምራል፤ የሚበላሸውም ቺፕ ይበዛል። ከዚያ በላይ ለመሄድም እየከበደ ይሄዳል።

ከንጽጽሩ አንድ ሥርዓት ይታያል። ዋጋና መጠን የፈጠሩት ማነቆ በገንዘብ ይፈታል። በኬሚስትሪ የታወቀ ንጥረ ነገር ላይ የተመሠረተ ማነቆ በጥቂት ዓመታት ይላላል። በብዙ ድርጅቶች መካከል ተከፋፍሎ በሥራ ልምድ የተጠራቀመ ዕውቀት የፈጠረው ማነቆ ግን ለአሥርተ ዓመታት ሊጸና ይችላል፤ ምክንያቱም በአንድ ሰነድ ተጽፎ ስለማይገኝ ሊሰረቅም ሆነ በአንድ ጊዜ ሊገዛ አይችልም።

መደምደሚያ

መንግሥታት ለዚህ ሁኔታ የሰጡት ምላሽ ምርትን ወደ አገር መመለስ ነው። አሜሪካ በኦገስት 2022 ለዘርፉ 52.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የመደበ ሕግ አጽድቃለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 የራሱን ሕግ ሥራ ላይ አውሏል፤ ጃፓን በኩማሞቶ የቲኤስኤምሲን ፋብሪካ በድጎማ ተክላለች። እነዚህ እርምጃዎች አደጋን ይቀንሳሉ። ነገር ግን በአሪዞና የቆመ ፋብሪካም የኔዘርላንድ ማሽን፣ የጃፓን ኬሚካልና የታይዋን መሐንዲሶች ልምድ ያስፈልገዋል። ፋብሪካን ማዛወር ሰንሰለቱን ማዛወር አይደለም።

ከዚህ ለምርምር የሚጠቅም አንድ ነጥብ ይገኛል። የአንድን አገር ጥገኝነት በገበያ ድርሻ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ከድርሻው ይልቅ ምትክ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ትክክለኛውን ሥዕል ይሰጣል። ለፖሊሲም ትርጉም አለው። ማነቆውን የያዘ ወገን በተጠቀመበት ቁጥር ሌላው መውጫ እንዲፈልግ ያስገድደዋል፤ የ1986ቱ ስምምነት ለሳምሰንግ ያደረገውም ይኸው ነው። ወደ ሰንሰለቱ ለመግባት የሚሹ አገሮችም ከታይዋንና ከኔዘርላንድ የሚማሩት አለ። ሁለቱም ሁሉን ለመሥራት አልሞከሩም፤ አንድ ጠባብ ሥራ መርጠው ለአሥርተ ዓመታት በትዕግሥት ሠሩበት።