ጉልበተኛ ሞተር ከመያዝዎ በፊት

እቁቡ ወጣ፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድምም የጎደለውን ሞላ። በማግስቱ አዲስ ሞተር ብስክሌት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጎረቤት እየገባ "እንኳን ደስ አላችሁ" ይላል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ይህ የተለመደ ደስታ ነው። ሞተር ለብዙ ወጣት እንጀራ ነው፤ ሰው ያደርሳል፣ ዕቃ ያመላልሳል፣ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ድረስ ይዘልቃል።

ችግሩ ገንዘቡ ሁሉ ሞተሩ ላይ ማለቁ ነው። ሄልሜቱ "በኋላ ይገዛል" ይባላል። ልምምዱም ከጓደኛ ጋር ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ዞሮ ያበቃል። በሦስተኛው ቀን ጀማሪው የጭነት መኪና በሚመላለስበት የጅማ ወይም የሆሳዕና አስፋልት ላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንደሚሞቱ አመልክቷል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ለመንጃ ፈቃድ መዘጋጀት የትራንስፖርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው። እርስዎ ወይም ልጅዎ ሞተር ሊጀምሩ ከሆነ የሚከተለውን ልብ ይበሉ።

ጉልበት ከችሎታ ሲቀድም

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዱ አደጋ ቢያዩ፣ አይተው ፍሬን እስኪይዙ አንድ ሰከንድ ቢወስድብዎት፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 14 ሜትር ገደማ ያስፈልግዎታል። በ60 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን 40 ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት ከ14 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአራተኛ ፎቅ አካባቢ፣ ከመውደቅ ጋር ይመሳሰላል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቆርቆሮና ቀበቶ አለው። በሞተር ላይ ያለው ግን ያለው ገላው ብቻ ነው።

ለዚህም ነው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጀማሪ በአንድ ጊዜ ትልቅ ሞተር የማይሰጠው። ከ16 ዓመት ጀምሮ እስከ 125 ሲሲ፣ ከ18 ዓመት ጀምሮ መካከለኛ ጉልበት ያለው ይፈቀድለታል። ገደብ የሌለበትን ሞተር ለመንዳት ደግሞ ሁለት ዓመት በመካከለኛው ላይ መቆየት፣ አለዚያም 24 ዓመት መሙላት ይጠበቅበታል። እርስዎም ማንም ባያዝዎት ይህን መሰላል ለራስዎ ያብጁ። በ100 ወይም በ125 ሲሲ ይጀምሩ፤ ክረምትና በጋውን፣ ጭቃውንና አቧራውን በእሱ ላይ ይልመዱ። ከዚያ በኋላ ወደ ጉልበተኛው ያልፋሉ።

ሰውነትዎ ለመንዳት ዝግጁ ነው?

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ከሥልጠናና ከፈተና ጋር የጤና ምርመራንም ይጠይቃል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ደግሞ ፈቃድ ሊያገኝ አይችልም። የጤና ምርመራውን እንደ ማኅተም ማስመቻ ብቻ አይዩት። በቅድሚያ ዓይንዎን ይመርመሩ። በብሪታንያ ተፈታኝ የቆመ መኪናን ሰሌዳ ከ20 ሜትር ርቀት እንዲያነብ ይጠየቃል። እርስዎም ይህን በሰፈርዎ ይሞክሩት። ካልተነበበልዎ ሞተሩን ከመንካትዎ በፊት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

የሚጥል በሽታ፣ ኢንሱሊን የሚወሰድበት የስኳር ሕመም ወይም በተደጋጋሚ ራስን የመሳት ችግር ካለብዎት ለሐኪሙ አይደብቁ። ድንገት ራስን መሳት በሞተር ላይ ሲደርስ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ሲወስዱ "መንዳት እችላለሁ?" ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ፈተናውን ለማለፍ ሳይሆን ለመኖር ይለማመዱ

ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ይማሩ። ትራፊክ በሌለበት ሜዳ ላይ የሚከተሉትን እስኪዋሃድዎ ድረስ ይደጋግሙ።

አንደኛ፣ በዝግታ መንዳት ነው። በፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ ማንም ይችላል፤ ችሎታ የሚታየው እግር ሳያወርዱ፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅን አስማምተው በእርምጃ ፍጥነት ሲዞሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሬን ነው። ብዙ ጀማሪ የፊቱን ፍሬን ይፈራና የኋላውን ብቻ ይረግጣል። ሲይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናው የማቆም ኃይል ያለው በፊተኛው ጎማ ላይ ነው። ሁለቱንም አብረው፣ የፊቱን በድንገት ሳይሆን እየጨመሩ መጭመቅ ይልመዱ። በጠጠር፣ በጭቃ ወይም በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የበለጠ ይለስልሱ።

ሦስተኛ፣ ኩርባ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይጀምር ነው። ዓይንዎን ሊሄዱበት ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ያድርጉ፤ ጉድጓዱን ትኩር ብሎ የሚያይ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፣ ማየትና መታየት ነው። ስፖኪዮ አይተው፣ ፍሬቻ አሳይተው፣ ከመታጠፍዎ በፊት በትከሻዎ ዞር ብለው ይመልከቱ። በቀንም የፊት መብራት ያብሩ። ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን በድንገት ዳር ይይዛል፤ ጋሪ ያለ ምልክት ይታጠፋል፤ በገበያ ቀን በግ አስፋልቱን ያቋርጣል። ለመስቀል አገሩ የሚገባው ሰው ሲበዛ ደግሞ መንገዱን የማያውቅ መኪናም ይበዛል። "አይቶኛል" ብለው አይመኑ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአስፋልቱ ላይ የቆየው ዘይትና አቧራ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥቂት ጠብቆ መነሳት ያዋጣል።

ሄልሜት ጌጥ አይደለም

ከሞተር አደጋ በኋላ ሕይወት የሚያጠፋው በአብዛኛው የጭንቅላት ጉዳት ነው። የበርካታ ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውስጡ ያለው ደረቅ ፎም በግጭት ጊዜ ተጨፍልቆ ምቱን ስለሚወስድ አንጎል ከራስ ቅል ጋር የሚላተምበት ኃይል ይቀንሳል። ይህ ፎም የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዴ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ምንም ባይታይበትም ይጣላል።

ሲገዙ አገጭ ጭምር የሚሸፍነውን ይምረጡ። ጥብቅ ይበል፤ ጭንቅላትዎን ሲነቀንቁ ብቻውን መዞር የለበትም። ከማሰሪያውና ከአገጭዎ መሐል ከሁለት ጣት በላይ አይግባ። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት በግጭት ቀድሞዎት ይበራል። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ለዚህ አልተሠራም። ሰው የሚያመላልሱ ከሆነ ለተሳፋሪም ሄልሜት ይያዙ፤ የብዙ ሰው ላብ እንዳይጋራ ከሥር የሚደረግ ስስ ጨርቅ ያዘጋጁ። ተሳፋሪ እናቶች ነጠላቸውን አጥብቀው እንዲሰበስቡ ይንገሯቸው፤ ጫፉ ኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገት ያንቃል ወይም ሰው ይጥላል።

በነጠላ ጫማም አይንዱ። እግርን ማርሚታ ካቃጠለው 20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያፍስሱበት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀቡ።

ከጫት በኋላ

ጫት የሚያነቃ ይመስላል። የሚያደርገው ግን ድካምን መደበቅ ነው። ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከዚያ በላይ ጨብሲ ሲታከልበት ደግሞ አልኮሉ ፍርድንና ሚዛንን ይወስዳል። ሞተር በሁለት ጎማ የሚቆመው በእርስዎ ሚዛን ነው። ከጠጡ ሞተሩን ባሉበት አሳድረው በእግር ወይም በባጃጅ ይግቡ።

ሰው ከወደቀ

አዳጋ ከደረሰ መጀመሪያ የሚመጣውን መኪና ያስቁሙ፤ ከዚያ ወደ ወደቀው ሰው ይሂዱ። 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ። እሳት ወይም መኪና ካላሰጋ በቀር ጎትተው አያንሱት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አያውልቁ። መተንፈስ ካቃተው ግን አንድ ሰው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ሌላው በቀስታ ያውልቅ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙ። ውኃም ምግብም አይስጡ።

አሁን የምንነግርዎን ለቤተሰብዎ ሁሉ ይንገሩ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ "ደህና ነኝ" ብሎ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በራስ ቅል ውስጥ ግን ቀስ እያለ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ንግግሩ ይያያዛል፣ ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ይሰፋል። "ደክሞት ነው፣ ይተኛ" ብለው የሚተዉት ሰው ጠዋት ላይነቃ ይችላል። ከነዚህ ምልክቶች አንዱን ካዩ ወይም ሰውየው ለአፍታም ቢሆን ራሱን ስቶ ከነበረ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ጉዞው ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከወልቂጤ 158፣ ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያ መንገድ የሚወስደው ሰዓት ሲታሰብ ቤት ውስጥ የሚባክን ጊዜ የለም።

ሞተር ለመግዛት እቁብ የጣሉ ሁሉ ሄልሜቱንና የሥልጠናውን ክፍያ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ደምረው ያስሉ። ገንዘቡ ለሦስቱ ካልበቃ ለጊዜው አነስ ያለ ሞተር ይግዙ። ጉልበተኛው ሌላ ዙር ይጠብቃል።